ስሙን የደበቀ ሰው አንድ ኮከብ ሲሰጣችሁ፦ ለአነስተኛ የሳይበር ደህንነት አማካሪዎች የመልስ አሰጣጥ መመሪያ

ጽሑፉን ያየሁት ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ካለው ቢሯችን ወጥቼ ለገሃር ታክሲ እየጠበቅኩ ነበር። ጎግል ማፕ ላይ፣ በድርጅታችን ስም ሥር፣ አንድ ኮከብ። የሰጠው ሰው ፎቶ የለውም፤ ስሙም ሁለት ፊደል ብቻ ነው። እንዲህ ይላል፦

«ገንዘብ መብላት ብቻ ነው የሚያውቁት። የራሳቸው ዌብሳይት እንኳን ሴኩዩር አይደለም። አንድ ሶፍትዌር ያወጣውን 80 ገጽ ፕሪንት አድርገው ሪፖርት ነው ይላሉ። ሌቦች!!»

አምስት ሰዎች ነን። እያንዳንዷን ሥራ በእጃችን የምንሠራ፣ ሌሊት የምናመሽ። ታክሲው መጥቶ ሄደ፤ እኔ እዚያው ቆሜ መልስ እየጻፍኩ ነበር። ያን መልስ ሳልለጥፈው የቀረሁት ባልደረባዬ ደውላ «ነገ ቢሮ አብረን እናንብበው» ስላለችኝ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን በቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ። የምናገረው ፍተሻ ለምንሠራ (የደንበኛን ኮምፒውተርና ዌብሳይት ሰርጎ ገብ የሚገባበት ክፍተት እንዳለው ለምንመረምር)፣ ኦዲት ለምናደርግ፣ የደንበኛ ሠራተኞችን ለምናሠለጥን ትንንሽ ድርጅቶች ነው። የእኛ ነገር ከምግብ ቤት ይለያል። ምግብ ቤት «ያን ቀን ሽሮው ቀዝቅዞ ነበር፣ ይቅርታ» ማለት ይችላል። እኛ ግን ማን ደንበኛችን እንደሆነ እንኳ በአደባባይ መናገር አንችልም። የምንሸጠው ምስጢር ጠባቂነት ነው፤ ስለዚህ የምንጽፈው መልስ ራሱ የሥራችን ናሙና ነው። ሰው ሲሰድበን ከአፋችን ምን እንደሚያመልጥ የሚቀጥለው ደንበኛ እዚያው ላይ ያነባል።

1. ያን ምሽት ማስረጃ ብቻ ያዙ

ጸሐፊው አስተያየቱን በፈለገው ሰዓት ሊያስተካክለው ወይም ሊያጠፋው ይችላል። ዛሬ ያያችሁት ነገ ሌላ ሊሆን ስለሚችል ከመመለስ በፊት መያዝ ይቀድማል፦

- ሙሉውን አስተያየት ከነኮከቡና ከነቀኑ ስክሪንሾት አንሡ።
- የጸሐፊውን ገጽ ክፈቱ፤ ለሰው ሁሉ ክፍት በሆነው ላይ ሌላ ምን እንደጻፈ እዩና እሱንም አንሡ። በአንድ ቀን ለአሥር ድርጅት አንድ ኮከብ የሰጠ ገጽና ስለ እናንተ ብቻ የጻፈ ገጽ እኩል አይታዩም።
- ሊንኩን ቅዱና ካያችሁበት ቀንና ሰዓት ጋር በአንድ ፋይል አስቀምጡ።

ከዚያ ለቢሮው ሰው ሁሉ አንድ መልእክት ላኩ። ማንም እንዳይመልስ፣ ማንም በግል ስሙ ገብቶ እንዳይከራከር፣ ማንም ወንድሙንና የአክስቱን ልጅ አምስት ኮከብ ስጡልን እንዳይል። ይህን የማነሣው በቅን ልቦና ስለሚደረግ ነው። እኛ ዘንድ የአንዷ ባልደረባ እኅት በማግስቱ ጠዋት «በጣም ጎበዝ ልጆች ናቸው» ብላ ጽፋ ነበር፤ እንድታነሣው ለመናት። ጎግል ከድርጅቱ ጋር የጥቅም ግንኙነት ያለው ሰው የሚጽፈውን አስተያየት ይከለክላል። ደግሞም ከአንድ መራር አስተያየት ቀጥሎ በአንድ ጠዋት የተደረደሩ አምስት ኮከቦችን ያየ አንባቢ የሚያምነው መራሩን ነው።

ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል። የእኔ ልክ ይህ ነው፦ አንድ ሌሊት ሳያድር አትመልሱ፣ ሦስት የሥራ ቀንም አታሳልፉ።

2. ጸሐፊውን አታሳድዱ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እናገራለሁ፤ የእኛን ሙያ ከሁሉ በላይ የሚፈትነው ቦታ ይህ ነውና።

ስሙን የደበቀን ሰው ፈልጎ ማግኘት እጃችን የለመደው ሥራ ነው። የተጠቃሚ ስም ከገጽ ወደ ገጽ ማመሳከር፣ ስልክ ቁጥር ቴሌግራም ላይ ማየት፣ ሾልከው የወጡ የመረጃ ክምችቶችን ማገላበጥ፣ ሊንክ ልኮ የከፈተበትን የኢንተርኔት አድራሻ መያዝ እናውቃለን። በማግስቱ ጠዋት አንዱ ባልደረባችን ላፕቶፑን ከፍቶ «ግማሽ ሰዓት ብቻ ስጡኝ» አለ። የምንጠረጥረውም ሰው ነበረን፦ ከስድስት ወር በፊት ከእኛ ጋር ተኳርፎ የወጣ ልጅ።

አላደረግነውም። በመጀመሪያ ሕግ አለ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ የሰው ኮምፒውተር ውስጥ መግባትንና መረጃ መጥለፍን በወንጀል ያስቀጣል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰው የግል መረጃ በምን ምክንያት ሊሰበሰብ እንደሚችል ደንግጓል፤ ንዴት ከእነዚያ ምክንያቶች ውስጥ የለም።

ከሕጉ ይልቅ እኔን የያዘኝ ግን የደንበኛው ዓይን ነው። የነቀፈውን ሰው አሳድዶ ያገኘ የደህንነት ድርጅት ሲያዩ ሰዎች የሚያስቡት «ነገ እኔ ቅር ብሰኝስ ምን ያደርገኛል?» ብለው ነው። በእጁ የሰውን ሁሉ ቁልፍ ይዞ የሚዞር ድርጅት ላይ ይህ ጥርጣሬ አንዴ ካደረ አይለቅም። ወሬውም ከሜክሲኮ ሰንጋ ተራ ለመድረስ ሳምንት አይፈጅበትም።

ደግሞም ጥርጣሬያችን ስሕተት ነበር። ያ የወጣ ልጅ ስለ ጽሑፉ ምንም የሚያውቀው ነገር እንዳልነበረ ከወራት በኋላ ተረዳን። ያን ቀን ደውለን ወንጅለነው ቢሆን ኖሮ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ በምን ዓይኔ አየው ነበር።

ስለዚህ ድንበሩን አስምሩ። የተፈቀደው የራሳችሁን ፋይል ማየት ነው፦ 80 ገጽ የሚሆን ሪፖርት ሰጥተን እናውቃለን ወይ? ውሉ ስለ አቀራረቡ ምን ይላል? ይህን የምታዩት ነገሩ እውነት መሆኑን ለማወቅ ነው፤ ሰውየውን ለመለየት አይደለም። ለፍተሻ ሥራ ተብሎ በተሰጣችሁ የደንበኛ መግቢያ፣ ሎግ (ማን መቼ እንደገባ የሚያሳይ መዝገብ) ወይም የሠራተኛ ዝርዝር ተጠቅማችሁ ጸሐፊውን መፈለግ ግን ፈጽሞ አይሞከርም። ያን ያደረገ ድርጅት ጸሐፊው ከጻፈበት ነገር ሁሉ የከፋ ሥራ ሠርቷል።

3. ጽሑፉን ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር በትኑት

አትሙትና በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉበት። ሊጣራ የሚችለው አንድ ምልክት፣ ግምገማው ሌላ፣ ስድቡ ሌላ፣ መውጣት ያልነበረበት ምስጢር ካለ እሱም ሌላ።

የእኛን እንውሰድ። «ሌቦች» ስድብ ነው፤ መልስ የለውም። «ገንዘብ መብላት ብቻ» ግምገማ ነው፤ የከፈለው ብርና ያገኘው ነገር አልተመጣጠነለትም፤ እንዲህ ማለት መብቱ ነው። «ዌብሳይታቸው ሴኩዩር አይደለም» የሚለው ግን በአንድ ደቂቃ የሚጣራ ነው። «80 ገጽ ፕሪንት» የሚለውም እንዲሁ። ከአራት ዓረፍተ ነገር ሁለቱ ሊጣሩ የሚችሉ ሆነው ሲገኙ ቁጣችን ግማሽ በግማሽ ቀነሰ፤ ቢያንስ የምንሠራው ሥራ አገኘን።

የምስጢሩ ዓይነት ሲገኝ ግን ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። አስተያየቱ የደንበኛ ስም ከጠራ፣ ወይም «እነሱ የፈተሹት አፕ እስካሁን በዚህ በኩል ይገባል» የሚል ነገር ከያዘ፣ የስም ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል፤ የደህንነት አደጋ ነው። አንድ ሌሊት ይደር ያልኩት እዚህ ላይ አይሠራም። ለደንበኛው ወዲያው በስልክ ደውሉ፣ ውሉን ከፈረመው ኃላፊ ወይም ለዚህ ከተመደበው ሰው ጋር ተነጋገሩ፣ ስክሪንሾቱን በተስማማችሁበት በተቆለፈ መንገድ ላኩ፣ አስተያየቱ እንዲነሣ አመልክቱ። ደንበኛው ጉዳዩን ለኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ሲያሳውቅ የሚያቀርበውን ማስረጃ አሟልታችሁ ስጡት። በአደባባይ ግን አታረጋግጡም፣ አታስተባብሉምም። «ያ ክፍተት ተደፍኗል» ማለት እንኳ ክፍተት እንደነበረ፣ ደንበኛውም የእናንተ እንደሆነ መመስከር ነው። ካፍ ከወጣ አፋፍ።

4. እውነት የሆነውን ፈልጉ፤ ከመመለሳችሁ በፊት አስተካክሉ

ዌብሳይታችንን ስንከፍት አሳሹ ማስጠንቀቂያ አወጣ። ሰርተፍኬቱ፣ ማለትም ገጹ የእኛ መሆኑንና ግንኙነቱ የተቆለፈ መሆኑን ለአሳሹ የሚያረጋግጠው ፋይል፣ ካለቀ ሁለት ቀን ሆኖታል። የምንጠቀመው ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለ ድርጅት የሚሰጠውን ነጻ ሰርተፍኬት ነው፤ 90 ቀን ያገለግላል፣ ሰርቨሩም ሳያልቅ በራሱ እንዲያድሰው ይታዘዛል። ሰርቨር ስንቀይር የእድሳቱን ትእዛዝ አብረን ሳናዛውረው ቀርተናል። ሰውየው ልክ ነበር። ሌላውን ሰው በዚህ ጉዳይ ሪፖርት ላይ የምንከስስ እኛ ነን፤ አፈርኩ።

ቀጥሎ የ80 ገጹን ነገር ፈለግን። እንዲህ ያለ ሪፖርት ከፋይላችን ወጣ። 14 ገጽ የእኛ ማጠቃለያና ትንታኔ፣ 66 ገጽ በአባሪነት የተያያዘ የስካነር (ክፍተት በራሱ የሚፈልግ ሶፍትዌር) ውጤት። ለእኛ አባሪው «ካስፈለገ ይታይ» የሚባል ነገር ነበር። ስካነር እንደሚታወቀው ያገኘውን ሁሉ ይዘረግፋል፤ ሰው አጣርቶ ሐሰተኛ ማንቂያ ነው ብሎ የሚጥለው በውስጡ ብዙ ነው። እኛም አጣርተን ነበር፤ የጣልናቸው ግን ከአባሪው ውስጥ አልወጡም።

ይህ ምን እንዳደረሰ ያወቅኩት ከአራት ወር በኋላ ነው። አንድ ሰው በቢሮ ስልክ ደወለ፤ ስሙን አልተናገረም፣ እኛም አልጠየቅነውም። «ያን ጽሑፍ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለ። «አለቃዬ 66ቱን ገጽ በቀለም አስምሮ፣ አንድ በአንድ ለምን እንዳልተስተካከለ አስረዳ አለኝ። ግማሹ ስሕተት እንደሆነ ብነግረውም ባለሙያ የጻፈውን ልትክድ ነው ወይ አለኝ።» ድምፁ አሁንም ይንቀጠቀጥ ነበር።

ይህን እያንዳንዱ ፈታሽ በልቡ ሊይዘው ይገባል። የሚቀጥረን አመራሩ ነው፤ ሪፖርታችን የሚያርፈው ግን በአይቲ ክፍሉ ልጅ ላይ ነው። ባልተሰጠው በጀት፣ ብቻውን አራት ሰርቨር ይዞ የሚሮጥን ሰው ሥራ አንድ ሳምንት ተቀምጠን «ከፍተኛ አደጋ» ብለን በቀይ እንጽፋለን። በማጠቃለያው ስብሰባ ላይ ያ ልጅ «እናመሰግናለን፣ ጥሩ ሥራ ነው» ይላል፤ ይሉኝታ ይዞት፣ አለቃው ፊት ስለሆነም። ፊት ለፊት መናገሪያ ያጣው ነገር ሌሊት በሁለት ፊደል ስም ይወጣል። ስም መደበቁን እንደ ፈሪነት ብቻ ማየት ያቆምኩት ከዚያ ስልክ በኋላ ነው።

5. መልሱን ጻፉ

መጀመሪያ የድርጅታችሁ የጎግል ገጽ በእጃችሁ መሆኑን አረጋግጡ። ብዙ ቢሮ ካርታው ላይ ያለው ምልክት ማን እንደተከለው አያውቅም፤ ገጹን «የእኔ ነው» ብሎ አመልክቶ ማረጋገጫውን ያላለፈ ባለቤት መመለስ አይችልም። ለአንድ አስተያየት አንድ መልስ ነው የሚለጠፈው፤ በኋላ ማረም ይቻላል፤ ሲለጠፍ ለጸሐፊው መልእክት ይደርሰዋል። ስለዚህ ጸሐፊው ያነበዋል ብላችሁ፣ ነገር ግን ለሚቀጥለው ሰው ጻፉ። እኔ የማስበው ሰንጋ ተራ ካሉት የባንክ ዋና መሥሪያ ቤቶች በአንዱ የተቀመጠ የግዥ ሠራተኛን ነው፤ ሦስት ፕሮፎርማ ጠረጴዛው ላይ ይዞ የሦስቱን ድርጅት ስም በስልኩ የሚፈልግ።

ለገሃር ቆሜ የጻፍኩት ይህ ነበር፦

«ማን እንደሆንክ እናውቃለን። አንተ ደንበኛችን ሆነህ አታውቅም። ከሁለት ባንክና ከአንድ ማይክሮፋይናንስ ጋር ሠርተን ሁሉም ረክተዋል። ስም ማጥፋት በሕግ ያስጠይቃል፤ በጠበቃችን በኩል እንገናኛለን።»

አሁን እንደ ፈታሽ እዩት። «እናውቃለን» ዛቻ ነው፤ ያውም ውሸት። «ደንበኛችን ሆነህ አታውቅም» የሚለው የማናውቀውን ነገር በእርግጠኝነት መናገር ነው፤ ደግሞ ዛሬ አንዱን «አይደለህም» ካልን ነገ ዝም ያልነው ሁሉ «ነው» ይሆናል። «ሁለት ባንክና አንድ ማይክሮፋይናንስ» የምስጢር ስምምነት ፈርመን ሳለ ለአገር ማውራት ነው፤ ይህች ከተማ ትንሽ ናት፣ የትኞቹ እንደሆኑ ለመገመት አይቸግርም። የጠበቃው ነገር ስድቡን ክስ ያደርገዋል። «አንተ» ማለቱ ደግሞ የማያውቁትን ሰው እንዴት እንደምናናግር ያሳያል።

ከዚያ ቢሮ ቁጭ ብለን ሁለተኛ ረቂቅ ጻፍን። ይህኛው ጨዋ ነበር፦ «ድርጅታችን ዓለም አቀፍ አሠራሮችን በመከተል ጥራቱን የጠበቀ አገልግሎት በመስጠት ላይ የሚገኝ ሲሆን…» እያለ ይቀጥላል። ሕንፃው ሥር ጀበና ቡና የምትሸጥ እኅት አለች፤ ቡና እየጠጣን አነበብኩላት። ስኒውን አስቀመጠችና «ታዲያ ሰውየው ያለው እውነት ነው ወይስ ውሸት?» አለችኝ። ሙሉ አንቀጽ ጽፈን ዋናውን ጥያቄ አልመለስነውም። ረቂቃችሁን ከሙያው ውጪ ላለ ሰው ጮክ ብላችሁ አንብቡለት፤ የሚጠይቃችሁ የመጀመሪያ ጥያቄ የመልሳችሁ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ይሁን።

የለጠፍነው ይህን ነው፦

«አስተያየትዎን አንብበናል። ስለ ዌብሳይታችን የጻፉት ትክክል ነው፤ ሰርተፍኬቱ ጊዜው አልፎ ለሁለት ቀን ሳይታደስ ቆይቷል። ጥፋቱ የእኛ ነው፣ ዛሬ ታድሷል። የመሣሪያ ጥሬ ውጤት ከሪፖርት ጋር ተደባልቆ መቅረቡም ለአንባቢ እንደሚያስቸግር አምነን፣ ከዚህ በኋላ ተጣርቶ በተለየ ጥራዝ እንዲቀርብ ወስነናል። ከማን ጋር እንደሠራን ወይም እንዳልሠራን በአደባባይ አንናገርም፤ ይህን ለሁሉም እንጠብቃለን፣ ለእርስዎም ጭምር። ሊያነጋግሩን ከፈቀዱ ስምዎን ሳይጠየቁ በቢሮ ስልካችን የፍተሻ ክፍሉን ኃላፊ ያገኛሉ።»

ስለ ስድቡ አንድም ቃል የለበትም። ስለ ዋጋም የለበትም። «ውድ ደንበኛችን» አይልም፤ ያ ራሱ ደንበኛ ነህ ብሎ መመስከር ነው። «ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን» የሚለውን በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ የተለጠፈ ቃል አልተጠቀምንም፤ «ስሕተት ተፈጽሞ ከሆነ» የሚለውንም። ስሕተቱ ካለ አለ ይባላል።

ጽሑፉ በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ ቢሆንም እናንተ በፊደላችን መልሱ፤ በእንግሊዝኛ ከሆነ በእንግሊዝኛ።

አጣርታችሁ አንዳችም እውነት ካጣችሁበትስ? ያኔም አጭር ይሁን፦ «የገለጹት ከአሠራራችን ጋር አይገጥምም። ማንኛውንም ፍተሻ የምንጀምረው ወሰኑ በጽሑፍ ከተፈረመ በኋላ ነው፤ ግኝቶቻችንንም በእጅ እናረጋግጣለን። ዝርዝሩን ሊያሳዩን ከፈቀዱ በዚህ ስልክ ይደውሉልን።» ውሸታም አትበሉት። አሠራራችሁን ተናገሩና ተዉት። አንድ ኮከብ ብቻ ጥሎ ምንም ላልጻፈ ሰው መልስ አያስፈልግም።

6. ይነሣልኝ የሚባለውና የማይባለው

ጎግል በእናንተና በጸሐፊው መካከል ዳኛ አይሆንም፤ «ያለው ውሸት ነው» ስላላችሁ ብቻ አያነሣም። የሚያነሣው ደንቡን የጣሰውን ነው፦ ሐሰተኛ ገጽ፣ የተፎካካሪ ወይም የጥቅም ግጭት ያለበት ሰው ጽሑፍ፣ ብልግና፣ ዛቻ፣ የጥላቻ ንግግር፣ የሰው የግል መረጃ፣ ከድርጅቱ ጋር የማይገናኝ ወሬ። ከአስተያየቱ አጠገብ ያሉትን ሦስት ነጠብጣቦች ተጭናችሁ ሪፖርት ታደርጋላችሁ፣ ምክንያቱን ትመርጣላችሁ። ካልተቀበሉት ይግባኝ ማለት ይቻላል፤ ይግባኙ አንድ ጊዜ ስለሆነ ማስረጃችሁን አሟልታችሁ ግቡ። በሚመለከተው ምክንያት ብቻ አመልክቱ፤ የሚያናድዳችሁን ሁሉ ሪፖርት ማድረግ ጊዜ ማባከን ነው።

መሀል አዲስ አበባ ላይ በተደጋጋሚ የማየው አንድ ዓይነት አለ። በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ከፒያሳና ከካዛንቺስ የተነሡ ብዙ ቢሮዎች አዲስ ቦታ ገብተው የካርታው ምልክት ግን እዚያው ቀርቷል። ሰው ይሄዳል፣ ሕንፃው የለም፣ «አጭበርባሪዎች ናቸው፣ ቢሯቸው የለም» ብሎ ይጽፋል። የደህንነት ድርጅት ላይ ይህ ጽሑፍ ከባድ ነው። አድራሻችሁን ዛሬውኑ አስተካክሉና «ተዛውረናል፣ አድራሻውን ሳናስተካክል በመቆየታችን መንገድ አባክነንብዎታል፣ ይቅርታ» በሉት።

7. ነገሩ ቴሌግራም ላይ ከሆነ

እዚያ ሥሩ አንድ መልስ ለጥፎ መቀመጥ አይሠራም። የግሩፕ አስተዳዳሪ ራሱ ስሙን ደብቆ በግሩፑ ስም መጻፍ ይችላል፤ የምትጽፉት እያንዳንዱ መልስ ደግሞ ጽሑፉን እንደገና የሰው ዓይን ውስጥ ያስገባዋል፣ ስክሪንሾት ሆኖም ወደ ሌላ ግሩፕ ይሄዳል። የእኔ ምክር፦ ግሩፑ ውስጥ አትከራከሩ። በራሳችሁ ቻናል ላይ ከላይ ባሳየሁት ልክ አንድ መግለጫ ጻፉ፣ ፒን አድርጉት፤ ለሚጠይቅ ሰው ሊንኩን ስጡ። በአስተዳዳሪው የውስጥ መስመር በጨዋነት አንድ ጊዜ መጻፍ ይቻላል። ሁለተኛ ጊዜ አትጻፉ።

8. ሕግ የሚገባበት ቦታ

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2044 ስም ማጥፋትን ይደነግጋል፤ ድንጋጌው የሚናገረው በሕይወት ስላለ ሰው ስለሆነ የድርጅት ስም ሲነካ ጠበቃችሁን ቀድማችሁ አማክሩ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 613፣ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጁ ደግሞ በአንቀጽ 13 ይመለከቱታል። ጽሑፉ የመጣው ከተፎካካሪ ለመሆኑ ማስረጃ ካላችሁ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ያልተገባ ውድድርን ይከለክላል። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጁን ቁጥር 1185/2012 ግን በአንድ ኮከብ ላይ የሚመዙ ሰዎች አይቻለሁ፤ ለዚህ የወጣ ሕግ አይደለም፣ ሰውም ያዝንባችኋል።

መብቱ ስላለ ሁሉ አይሠራበትም። «ሪፖርታቸው የማይረባ ነው» ያለን ሰው ከስሶ ማሸነፍ የሚያስገኘው ነገር አይታየኝም። ወደ ፖሊስ የሚያስኬዱ ሦስት ነገሮች ናቸው፦ በባልደረባ ወይም በቤተሰቡ ላይ የተሰነዘረ ዛቻ፣ የደንበኛ ምስጢር መውጣት፣ እና «ይህን ያህል ብር ላኩ አለዚያ እቀጥላለሁ» የሚል መልእክት። ገንዘብ ሲጠየቅ አትክፈሉ፣ አትደራደሩ፣ መልእክቱንም አታጥፉ። ስልኩን እንዳለ ይዛችሁ ሂዱ። በሁሉም ጊዜ ደግሞ የሕግ ነገር በመልሳችሁ ውስጥ አይጻፍ፤ የምትከስሱ ከሆነ ትከስሳላችሁ፣ አታስፈራሩም።

9. ከመልሱ በኋላ

ሌላው ድርጅት «ደንበኞቻችሁን አስተያየት ጠይቁ» ይባላል። የእኛ ደንበኞች ግን ከእኛ ጋር መሥራታቸው እንዲታወቅ አይፈልጉም፣ ልክም ናቸው። ፍተሻ የተሠራለትን ባንክ «ጎግል ላይ ጻፉልን» ማለት ስማቸውን አውጡልን ማለት ነው። መጠየቅ የሚቻለው ክፍት ሥልጠና የወሰዱ ሰዎችን ነው፤ ያለ ስጦታ፣ ያለ ቅናሽ፤ በጥቅም የተገዛ አስተያየትን ጎግል ይከለክላል። ለቀሩት ደንበኞች ከኮከብ የሚበልጠው አሁንም ማኅተም ያለበት የመልካም ሥራ አፈጻጸም ደብዳቤ ነው። ሥራ ባስረከባችሁ ሳምንት ጠይቁት፤ በጨረታ ሰነድ ውስጥ ስታያይዙትም ደንበኛው መፍቀዱን በጽሑፍ ያዙ።

አሠራራችን ላይ ደግሞ ሁለት ነገር ለወጥን። ሪፖርቱ ለአመራሩ ከመሄዱ በፊት ከአይቲ ክፍሉ ጋር ግማሽ ቀን እንቀመጣለን፤ አለቃ በሌለበት። እያንዳንዱን ግኝት አብረን እናያለን፣ ሐሰተኛ ማንቂያ ነው የሚሉትን ሞክረን እናረጋግጣለን፣ ያስተካከሉትን «ተስተካክሏል» ብለን እንጽፋለን፤ በጀት አጥተው የቀረውን ደግሞ በጀት ማጣቱን በሪፖርቱ ውስጥ እናስገባለን። ክብደቱን አንቀንስም፣ ግኝትም አንደብቅም፤ ይህን ከመጀመሪያው ለሁለቱም ወገን እንናገራለን። ሁለተኛው፣ ጥሬው ውጤት ተጣርቶ በሌላ ጥራዝ ይሄዳል፣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ምን እንደሆነና ምን እንዳልሆነ በአማርኛ ተጽፎበት። የሰርተፍኬቱን ቀን የሚያስታውስ መልእክትም አሁን ለሁለት ሰው ስልክ ይመጣል።

ያ ሰው ከደወለልን በኋላ ጽሑፉን አላጠፋውም፤ እኛም አጥፋልን አላልነውም። ባለፈው ወር አንድ የግዥ ኃላፊ ዘንድ ፕሮፎርማ ይዤ ስገባ ስልኩን ወደ እኔ አዞረ። አንዷ ኮከብ፣ ከሥሯም የእኛ መልስ። ሁለቱንም ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበባቸውና «ሁለተኛውን ጥራዝ ናሙና ይዘሃል?» አለኝ።